የምክትሉ ተራ

ምክትል ፕሬዚዳንት ሃርላን ትቬት ስምንት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ሲደርስ ኖሯል። የትም አገር አንድ መሪ ሲሞት ፕሬዚዳንቱ “ሃርላን ይሂድ” ይላሉ፤ ሃርላን ጥቁር ከረባቱን አስሮ ይሄዳል። ሌላ ሥራ አልነበረውም ቢባል ሐሜት አይሆንም። ግን ምን ቸገረው! ምክትል የሆነ ሰው ቀጣዩ እጩ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የማንም ፈቃድ አይጠየቅም። ሃርላን እንደዚያ ነው የሚያምነው።

ዛሬ ፕሬዚዳንቱ ማንን እንደሚደግፉ ሊናገሩ የምርጫው ፉክክር ወደሚጀመርባት አዮዋ ግዛት ድረስ መጥተዋል። የሃርላን ልብ ግን አላረፈም።

“ኬሰል ነው” አለ መኪናው ውስጥ። ኬሰል የአዮዋ አገረ ገዢ ነው። “ያ እባብ ሰሞኑን ከፕሬዚዳንቱ ጆሮ ሥር አልጠፋም።”

“አንተ ደግሞ! ኬሰል አይወዳደርም” አለች ባለቤቱ ማርጆሪ።

“በምን አወቅሽ?”

ስልኳ ጮኸ። አየችውና ዘጋችው። ሰሞኑን እንዲህ ሆናለች። ሃርላን ለእሱ ደጅ እየጠናችለት ስለመሰለው አልጠየቃትም።

አዳራሹ በር ላይ ገበሬዎች ከበቧቸው። እሱ ቀብር ለቀብር ሲዞር እዚህ ስትመላለስ የኖረችው እሷ ናት።

“ማርጂ! ላሚቱ ወለደች እኮ!” አላት አንዱ። ከዚያ የሃርላንን እጅ ጨበጠ። “እርስዎንስ... ይቅርታ፣ ማን ልበል?”

ወዲያው ኬሰል መጣ። ማርጆሪን ጉንጯን ስሞ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ሹክ አላት። የሃርላንን ትከሻ ግን መታ መታ አድርጎ፣ “አይዞህ” አለው።

አይዞህ! የሃርላን ደም ፈላ።

“ሰማሽው? ይኼ ሰውዬ ሊቀብረኝ ነው! እኔ እኮ ለቀስተኛ ሳየው አውቀዋለሁ።”

“በል ተረጋጋ። ከረባትህ ተጣሟል።”

“የመድረኩን ንግግር ይዘሽዋል?”

“ይዣለሁ።”

“እስቲ አንዴ ልየው።”

“አሁን ምን ያደርግልሃል?” ብላ ቦርሳዋን ዘጋች።

ፊት ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ልማዳቸው የታወቀ ነው፤ ሃርላን መድረክ ሲጠራ ካፖርቱን አውልቆ ይሰጣታል፣ እሷ ካፖርቱን ታቅፋ ታጨበጭባለች። ዛሬም እንደዚያው ይሆናል፣ ኬሰል ካልቀደመው።

ፕሬዚዳንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

“መጀመሪያ ኬሰልን ላመስግን። የምርጫ ዘመቻውን ለመምራት እሺ ብሎናል።”

ኬሰል አይደለም! ሃርላን እልል ማለት ቃጣው። ለካ ምስኪኑን በከንቱ ነው ያማው። ነገ ጠርቶ ምሳ ይጋብዘዋል።

“የምደግፈው ሰው” አሉ ፕሬዚዳንቱ፣ “ስምንት ዓመት ከጎናችን ያልተለየ፣ እዚህ አዮዋ ውስጥ የማይታወቅበት ቤት የሌለ ሰው ነው።”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሃርላን ፈገግ ብሎ ተነሣና የካፖርቱን አንድ እጅጌ አወለቀ።

ማርጆሪ የራሷን ካፖርት ክንዱ ላይ ጣል አድርጋ፣ “ማጨብጨቡን እንዳትረሳ” አለችውና የመድረኩን ደረጃ ወጣች።