በአጥሩ ሥር

ሰውየው ሚስቱ ቤሩት ሄዳ እንደቀረች ለፖሊስ ከተናገረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ዛሬ ፖሊሶቹ ትርሲት የምትባል አርኪዮሎጂስት ይዘው ግቢውን ሊፈትሹ መጡ። በአጥሩ ሥር ተንበርክካ አፈሩን በብሩሽ ስትጠርግ ሲያይ ሳቁ መጣ።

«ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው መጥረግ ነው?» አለ ለመርማሪው። ሚስቱን የቀበራት ወጥ ቤቱ ወለል ሥር ስለሆነ ልቡ ሙሉ ነበር።

«እዚህ ጋ የአፈሩ ቀለም ተደበላልቋል፤ ተቆፍሮ የተሞላ ነው» አለች ትርሲት። ዝቅ ብላ ስትቆፍር የሰው አጥንት ወጣ።

ሰውየው ክው አለ።

«ሴት ናት» አለች ትርሲት። «ወገቧ ጋ የተገኙት ሳንቲሞች የ1969 ናቸው፤ ስላልተፋቁ አዲስ ሳሉ ነው የተቀበሩት። ያኔ እዚህ ማን ይኖር ነበር?»

«አባቴ» አለ፣ «እኔ... እና እናቴ።»

እናቱን ዕድሜውን ሙሉ ሲረግማት የኖረው ከሾፌር ጋር ኮበለለች ብሎ አባቱ ስለነገረው ነበር።