የበዙት አራት ገጾች

«አራት ገጽ በዝቷል» አለች ፋጤ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

ወዳጆ ከጀርባዋ ቆሟል። የራሱን መጽሐፍ ከነገጽ ቁጥሩ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው። ካዛንቺስ ካለው ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል በምሳ ሰዓቱ ሹልክ ብሎ ነው የመጣው፤ እጁ አሁንም በረኪና በረኪና ይሸታል። ሰባት ዓመት የጻፋቸው ግጥሞች ዛሬ ሊታተሙ ነው።

«ከምኑ ነው የበዛው?»

«ማሽኑ በአንዴ የሚያትመው አሥራ ስድስት ገጽ ነው። ያንተ ወረቀት የተቆረጠው ለአራት ዙር፣ ለስድሳ አራት ገጽ ነው። መጽሐፍህ ስድሳ ስምንት ሆኗል። በቃ፣ አራቱ መውጣት አለባቸው።»

«ፊደሉን ብናሳንሰውስ?»

«አሳንሼዋለሁ እኮ። ከዚህ ካነሰ በመነጽርም አይነበብም።»

ማውጫውን አስቀርታዋለች። ባዶ ገጾቹን አውጥታለች። ፎቶውንም ወደ ጀርባ ሽፋኑ ወስዳዋለች። ይህን ሁሉ አድርጋ ነው ስድሳ ስምንት ላይ የቆመችው።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ነጋሲ በጋዝ የራሰ ጨርቅ ይዘው፣ ጣታቸውን እየጠረጉ ከማሽኑ ክፍል ብቅ አሉ። መብራት በፈረቃ ሆኗል፤ በኡራኤል በኩል ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ነው፣ ነገ ጭራሽ የለም። ከነገ ወዲያ ደግሞ የሠርግ ካርድ ይጀምራል፤ እሱ ከተጀመረ እስከ ጾሙ መግቢያ ማሽኑ ለማንም አይለቀቅም።

«ምን ሆናችሁ ነው የምትተያዩት?»

«አራት ገጽ በዝቶብኝ ነው፣ ጋሽ ነጋሲ። ትንሽ ወረቀት ቢጨምሩልኝ…»

«ከየት አምጥቼ? ወረቀት ከገበያ ጠፍቷል። የኔ ጌታ፣ ቁረጣ። ግጥም እኮ ነው፣ ድልድይ አይደለም፤ አንዱ ቢነሣ ሌላው አይናድም።» በራሳቸው ቀልድ ሳቅ አሉና ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

ፋጤ መጽሐፉን ወደ መጨረሻው ገለጠችው። «ይሄ ምስጋና የሚለው ራሱ አራት ገጽ ነው። እሱን አውጣና ተገላገል።»

ወዳጆ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ምስጋናው ላይ የመቶ አርባ ስድስት ሰው ስም አለ። ወረቀቱን የገዙት እነሱ ናቸው። በየቢሮውና በየሱቁ እየዞረ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «ስምዎ መጽሐፉ ላይ ይወጣል» እያለ ነው መዋጮውን የሰበሰበው። ሰንጋ ተራ ያሉት ሐጂ ዓብዱልሀኪም «ከነአያቴ ጻፈኝ» ብለውታል። አከራዩ ወይዘሮ ሸዋዬ የሟች ባላቸውንም አስጨምረዋል።

«እሱ አይሆንም» አለ ቀስ ብሎ። «ቃል ገብቻለሁ። መጽሐፉ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።»

«መጨረሻም እሱን ነው» አሉ ጋሽ ነጋሲ ከውስጥ።

ፋጤ ወንበሯን ገፋ አድርጋ ቦታ ሰጠችው። «እንግዲያው ከግጥሞቹ ምረጥ። ቶሎ በል።»

ከመጀመሪያው ጀመረ። የመጀመሪያው ስለ ዝናብ ነው። የጻፈው ሌሊት ልቡ በጣም ተነክቶ፣ ተነሥቶ ደጅ እስከ መውጣት ደርሶ ነበር። አሁን ፋጤ እስክሪብቶ ይዛ አጠገቡ እየጠበቀችው ሲያነበው፣ ዝናብ ዘነበ ከማለት ያለፈ ነገር አላገኘበትም።

«ይሄ ቢወጣ ግድ የለም» አለ።

እሷም ቁጥሩን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈች። ሁለተኛው ወደ ሱዳን ሄዶ ስለቀረው ወንድሙ ስለ ግርማይ ነው። ይህን እንኳ አልነካም ብሎ ነበር የገባበት። አነበበው፤ መልሶ አነበበው። ግርማይ ሲስቅ አፉን በመዳፉ ይሸፍን ነበር፤ ሲራመድ ግራ ጫማው ይጎተት ነበር። ግጥሙ ውስጥ ያለው ሰው ግን ማንም ሊሆን ይችላል።

«ይሄም።»

ቀጠለ። ስለ ፈረሰው ሰፈር የጻፈው፣ ስለ ልብስ ማጠቢያው እንፋሎት የጻፈው፣ ስታዲየም አካባቢ አንድ ቀን ብቻ ስላያት ልጅ የጻፈው። አንዳቸው «እኔን ተው» እንዲሉት እየጠበቀ ገለጠ። መጀመሪያ እያዘነ ነበር «ይሄም» የሚለው፤ ኋላ ላይ ድምፁ ሰው ሲቆጥር እንደሚያሰማው ዓይነት ሆነ።

«ወዳጆ» አለች ፋጤ። «አራት ገጽ ነው ያልኩህ። ሠላሳ አንድ ደርሰሃል።»

እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ። ከዚያ ለመጠየቅ አስቦ የማያውቀውን ጠየቃት። «አንቺ ሁሉንም ተይበሽዋል። የትኛው ቢወጣ ቅር ይልሻል?»

ፋጤ ልትዋሽለት ፈልጋ ነበር፤ ፊቷ ላይ አየው። ግን ቶሎ የሚመጣላት ግጥም አልነበረም።

«እኔ ስተይብ አላነብም» አለች። «ፊደል በፊደል ነው የማየው። ካነበብኩ እሳሳታለሁ።» ከዚያ ጨመረች፦ «ግን ማለቴ… ያንተ ጽሑፍ ንጹሕ ነው። እንደ ሌሎቹ አላስቸገርከኝም።»

«አመሰግናለሁ» አለ ወዳጆ። የምሩን ነበር።

ከውስጥ ማሽኑ ባዶውን መዞር ጀመረ። ጋሽ ነጋሲ ሊያሞቁት ነው።

«ከአርባ አንድ እስከ አርባ አራት ያለውን አውጪው» አላት።

«የቱ ነው እሱ ላይ ያለው?»

«የትኛውም ይሁን።»

አራቱ ገጾች ተመርጠው ስክሪኑ ላይ በአንድ ጊዜ ጠቆሩ። ወዳጆ ጎንበስ ብሎ አላነበበም። ፋጤ አንድ ቁልፍ ነካች። ከታች የነበሩት ገጾች ወደ ላይ ተሳቡ፤ አርባ አምስት የነበረው አርባ አንድ ሆነ። ያኔ ነው ጎንበስ ያለው። የተቆረጠበትን ቦታ በዓይኑ ፈለገ፤ የአርባኛውን ገጽ መጨረሻና የአርባ አንደኛውን መጀመሪያ ደጋግሞ አየ። አንዱ ከሌላው ጋር ገጥሟል፤ በመካከላቸው አንድም ጊዜ ሌላ ነገር የነበረ አይመስልም።