ኮድ ሁለት

ምንትዋብ በቤት መኪናዋ፣ በስልክ መተግበሪያ እየተጠራች ሰው ማመላለስ ከጀመረች ዓመት ሊሞላት ነው። በዚያ ሳምንት ግን የላዳ ታክሲ ሾፌሮች ይውጣ እያሉ ሲወተውቱ የከረሙት ደንብ ወጣ፤ ኮድ ሁለት የቤት መኪና ተሳፋሪ ጭኖ ከተገኘ ታርጋው ይፈታል ተባለ። ሌላ ሥራ ስለሌላት አላቆመችም።

ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ወጣት ጠርታት አንድ አዛውንት አሳፈረችላት። "ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የሚቀበላቸው ሰው አለ" አለችና የመኪናውን በር ዘጋች።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ አንድ የላዳ ሾፌር መኪናዋን በጣቱ ጠቆመ፤ ትራፊክ ፖሊሱም አስቆማት።

"አባት፣ ከሴትዮዋ ጋር በምን ይተዋወቃሉ?"

"እንዴት በምን ትለኛለህ? ልጄ እኮ ናት" አሉ አዛውንቱ ቆጣ ብለው።

ፖሊሱ ይቅርታ ጠይቆ አሳለፋቸው።

"እግዜር ይስጥልኝ አባባ፣ እንጀራዬን አተረፉልኝ" አለቻቸው። እሳቸው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ማንም አልነበረም። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመው ጠበቁ። ወደ ወጣቷ ደጋግማ ደወለች፤ ስልኩ ተዘግቷል። ለፖሊስ እንዳታስረክባቸው፣ በኮድ ሁለት ጭና ማምጣቷ ሊታወቅባት ነው።

"አባባ፣ ቤትዎ የት ሰፈር ነው?" ስትል ጠየቀቻቸው።

አዛውንቱ ግራ ተጋብተው አዩዋት።

"ምነው አልጋነሽ፣ ቤታችን ጠፋብሽ እንዴ? በይ ንጂው፣ እናትሽ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችን ነው።"