መኮትኮቻ እንደ መጥረጊያ

ፉሚኤ ከኦሳካ በአውቶቡስ መጥታ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ በድሮው የሽንኩርት ማሳዋ ውስጥ በቆመችው አሻንጉሊት ላይ አፈጠጠች። ተራራማው መንደር ሰው አልቆበት ስለነበር፣ የድሮ ጎረቤቷ ቶኪ ጥለው ለሄዱት ሁሉ በቁመታቸው ልክ የገለባ አሻንጉሊት እየሰፋች በየቦታቸው ታቆም ነበር። ይህን ሰምተው የሚመጡ እንግዶች የሚያነሱት ፎቶ ኦሳካ ድረስ ደርሷል።

«ይቺ እኔ ነኝ?»

«ሌላ ማን ትሆናለች?»

«ዳሌዋስ ይሁን፣ ገለባ ተርፎሽ ነው እንበል። መኮትኮቻውን እንደ መጥረጊያ ያስያዝሻት ግን ምን ነክቶሽ ነው? ምራቴ ፎቶውን አይታ ስትስቅብኝ ከረመች።»

«እኔማ እንደማስታውስሽ ነው የሰፋሁሽ» አለች ማሳው ዳር ተቀምጣ ሌላ አሻንጉሊት የምትሰፋው ቶኪ፣ ዓይኗን ከመርፌዋ ሳትነቅል።

ፉሚኤ መኮትኮቻውን ከአሻንጉሊቷ እጅ መነጨቀች። «እንዲህ ነው የሚያዘው፤ እዪ።» ጎንበስ ብላ አንዱን መደብ ኮተኮተች። የሚቀጥለው መደብ አረም ውጦት ስታይ ደግሞ ባሰባትና ጃኬቷን አውልቃ አሻንጉሊቷ ትከሻ ላይ ጣለችው። የመጨረሻው አውቶቡስ ከታች ጡሩምባውን ሲነፋ ቀና እንኳ አላለችም።

ቶኪ ክሯን በጥርሷ በጠሰችና ቀስ እያለች ወደ ማዶ ተሻገረች። እዚያ ደጃፍ ላይ የተቀመጠው፣ ወደ ኮቤ ከተማ የሄደው የዚያ ኩራተኛ አናጢ አሻንጉሊት ነበር። መጋዙን ከእጁ ወስዳ፣ ጥርሱን ወደ ሰማይ ገልብጣ መልሳ አስያዘችው። ከዚያ ፎቶ ላይ ፊቱ በደንብ እንዲታይ፣ ኮፍያውን ከግንባሩ ገፋ አደረገችለት።