የቤርጉር መሰናበቻ

«ይኸው! ደግሞ ጠፋ!»

ሃልዶራ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። የኮምፒዩተሩ ስክሪን ጨልሞ ቆየና፣ ምንም እንዳልበደለ ሰው ብልጭ ብሎ እንደገና ሀ ብሎ መነሣት ጀመረ። የጻፈችው ሁሉ የለም።

ጎረቤቷ ኡልፋር ከኋላዋ ቆሞ አገጩን ያካል። ጋዜጣው እስከ ቀትር ነው የሚጠብቃት። ባሏ ቤርጉር የሚቀበረው ነገ ነው፤ የዘመድ የወዳጁ መሰናበቻ ሁሉ ደርሷል፣ የቀረው የእሷ ብቻ። አይስላንድ ውስጥ ደግሞ ሚስቱ በጋዜጣ ያልተሰናበተችው ባል ያለ ሣጥን እንደ ተቀበረ ይቆጠራል።

«አይዞሽ፣ ይሄ ለእኔ ምኔም አይደል» አለ ኡልፋር።

በመንደሩ የኮምፒዩተር ሊቅ መባሉ እውነት ነው፤ ምስክሩ ግን ራሱ ብቻ ነው። ሬይክያቪክ ውስጥ ኮምፒዩተር በሚጠገንበት ቤት ሠርቷል። ያኔ በእጁ የነበረውን መጥረጊያ ከታሪኩ ውስጥ ካወጣችሁት ሊቅነቱ ብቻ ይቀራል።

ስክሪኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ቁልፎቹ ላይ እፍ አለ። ከዚያ የሚያውቀው ስላለቀበት ወደ ወሬው ዞረ።

«ነፋሱ ነው። ያ አውራ በጌን አንሥቶ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ ያስቀመጠው ነፋስ! ቄሱ ከታች ሲጸልዩ በጉ ከላይ ‹ባእ› እያለ አሜኑን የመለሰላቸው ጊዜ፣ የእኔም ኮምፒዩተር እንዲሁ…»

«አንተ ቀጣፊ! ቤርጉር ምን ይል እንደነበር ታውቃለህ? ‹የዚያ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በየዓመቱ ከፍ ይላል› ነበር የሚለው።» ፈገግ ልትል ነበር፤ አልሆነላትም። «አሁን ተረቱን ተውና ሥራህን ሥራ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስደርስ ነው የሚጠፋብኝ። ከጠዋት ጀምሮ ባሌን ስንቴ ቀበርኩት!»

«የኮምፒዩተሩ ሣጥን የት አለ?»

«ከእግሬ ሥር፣ ከጠረጴዛው መጋረጃ ጀርባ። ብርድ እንዳይመታው።»

ኡልፋር ጉልበቱን እያንቋቋ ተንበረከከና መጋረጃዋን ገለጠ።

ኮምፒዩተሩ ሹራብ ለብሷል።

ግራጫ የበግ ሱፍ፣ አንገቱ ዙሪያ ነጭና ጥቁር ጥለት ያለው፣ እጅጌ ሳይቀር። ከቀኝ እጅጌው የመብራቱ ገመድ ወጥቷል፣ ከግራው የስክሪኑ። ከውስጥ የሆነ ነገር አስም እንደያዘው ሽማግሌ ያፏጫል። እጁን ሰደደና ቶሎ መለሰው። ምድጃ ነው።

ያን ጊዜ ትዝ አለው። ባለፈው መጸው፣ የመንደሩ ሱቅ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ሃልዶራ ክረምቱን ኮምፒዩተሩን እንዴት ብትይዘው እንደሚሻል ጠይቃው ነበር። እሱም ኮስተር ብሎ፣ «ኮምፒዩተር የቆላ ፍጡር ነው፤ የእኔው ኮምፒዩተር ሹራብ እስካለብሰው ድረስ ሲያስል ከረመ» አላት። እሷም ከእሱ በላይ ኮስተር ብላ፣ «ልኩስ?» አለች። «የሁለት ዓመት ልጅ።» ዘንቢሏን ይዛ ስትወጣ ሱቁ በሣቅ ፈረሰ። ወሩን ሙሉ በዚያች ቀልድ ቡና ሲጋበዝባት ሰነበተ።

«አየኸው?» አለች ከላይ። «ቤርጉር ሆስፒታል ተኝቶ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ነው የሠራሁት። ገመዶቹን በእጅጌው አውጫቸው ያለኝም እሱ ነው። ሲያልቅ አየውና ሣቀ፣ እንባው እስኪወርድ። ምነው? ስለው፣ ‹ጎሽ፣ ኡልፋር ይየው› አለኝ።»

ኡልፋር ከጠረጴዛው ሥር መውጣት አቃተው። ጆሮዎቹ ከሣጥኑ ይልቅ ጋሉ። ምነው እዚያው ከአቧራው ጋር ጠርጋ በጣለችኝ አለ በልቡ። ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ታማሚ ልጅ እንደሚያወልቁት ቀስ አድርጎ ሹራቡን አወለቀ። ገመዶቹን መልሶ ሲሰካ ፉጨቱ ረገብ፣ ረገብ አለ።

«ምኑን ነው ያመመው?»

«ምንም… በጋው ገባ አይደል? በበጋ አይለብስም።»

«በረዶ እየጣለ?»

በመስኮቱ ቀና ብሎ አየ። እውነትም በረዶው ይወርዳል። ይህን ጊዜ ውሸት አልፈለገም፤ በግ የለ፣ ጣሪያ የለ።

«ሃልዶራ… እኔ እኮ ያን ጊዜ ሱቅ ውስጥ…»

«ዝም በል! ሦስተኛው መስመር ላይ ነኝ።»

በአንድ ጣቷ፣ ጥሬ እንደምትለቅም ዶሮ፣ ትጽፋለች። ሦስተኛው አለፈ። አራተኛው አለፈ። ስክሪኑ እንደበራ ነው። ኡልፋር ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ የጣቷን ድምፅ ይሰማል፤ ቢጠፋ ይሻል ይሆን ወይስ ባይጠፋ፣ ለራሱም አልገባውም።

«ስማኝ እስቲ፣ ልክ ጽፌው እንደሆነ» አለችና ጉሮሮዋን ጠራርጋ አነበበች፦ «‹የጎረቤታችንን የኡልፋርን ወሬ እስከ መጨረሻው ቀን ይወድ ነበር። የኡልፋር ውሸት ማንንም ነክሶ አያውቅም ይል ነበር።›» ከወንበሯ ጎንበስ ብላ አየችው። «እንዲህ ነበር አይደል የሚለው?»

ሹራቡ ጭኑ ላይ ነው፤ ገና እንደ ተወለደ ግልገል ይሞቃል።

«እንዲህ ነበር» አለ ኡልፋር። «ላኪው።»

ሃልዶራ ቁልፉን ተጫነችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሹራቡን ሊያጥፍ ሞከረ። አንዱን እጅጌ ወደ ውስጥ ሲመልስ፣ ሌላው እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ይዘረጋል።