የካርዱ ባለቤት

ወይዘሮ ማሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአማኑኤል ከተማ ወደ ደብረ ማርቆስ አራት ጊዜ መጡ። አራቱንም ቀን የሄዱት ወደ አንድ ባንክ ነው፤ አራቱንም ቀን የተሰለፉት የገንዘብ ከፋይዋ የትሕትና መስኮት ፊት ነው። ሌላው መስኮት ባዶ ሲሆን እንኳ ከኋላቸው ያለውን ሰው ያሳልፋሉ እንጂ ንቅንቅ አይሉም። የሚያወጡት ሁልጊዜ ሁለት መቶ ብር ነበር።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋለው የቅርንጫፉ ተቆጣጣሪ ደመላሽ ነው። ደመላሽ ስለ ማጭበርበር ሦስት ሥልጠና ወስዷል። ከዚያ ወዲህ ሰውን ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም፤ በጎን ነው የሚያየው።

«የእኒህ ሴትዮ ነገር አላማረኝም» አላት ትሕትናን።

«ምን አደረጉ?»

«እስካሁን ምንም። ያላማረኝም እሱ ነው።»

ትሕትና ሳቀች። ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ በደመወዟ ጉንደ ወይን ያሉ ሁለት ታናናሾቿን ታስተምራለች። ከደንበኛ ጋር ተጣልታ አታውቅም።

አርብ በምሳ ሰዓት የአውሮፕላን ቲኬት በስልኳ ልትቆርጥ ተቀመጠች። መሥሪያ ቤቱ ለሰኞ ሥልጠና አዲስ አበባ ጠርቷታል፤ የምትሳፈረው እሑድ ከባሕር ዳር ነው። ወይዘሮ ማሬ ከየት እንደመጡ ሳታውቅ አጠገቧ ቁጭ ብለዋል።

«አዲስ አበባ ነው ልጄ? እኔም ልጄን ልጠይቅ አስቤ መንገዱን ፈርቼ ነበር። በዚያው የእኔንም ቁረጪልኝ፤ ብሩ ይኸው።»

ትሕትና እምቢ ማለት አልሆነላትም። ብሩን በማሽን አሳለፈችው፤ ደህና ብር ነው። ከዚያ የካርዷን ቁጥር ማስገባት ጀመረች። ወይዘሮ ማሬ ስልኩን ትተው ጣቶቿን ነበር የሚያዩት፤ በተለይ የግራ እጇን።

«በመስኮት በኩል ይሁንልኝ» አሉ። «ክንፉ ላይ ግን አይሁን፤ ምንም አያሳይም።»

«በአውሮፕላን ሄደው ያውቃሉ እንዴ እማማ?»

«እኔ ደግሞ የት አውቄ!» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የከፈልሽው በካርድሽ ስለሆነ ግን ይዘሽው አብረሽኝ መቅረብ አለብሽ። ሊጠይቁን ይችላሉ።»

ባንክ የምትሠራው ትሕትና ይህን አታውቅም ነበር።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ በሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር አብረው ተነሡ። ደምበጫን እንዳለፉ ወይዘሮ ማሬ ከቦርሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ።

«አያትሽ ማን ይባላሉ?»

ትሕትና ነገረቻቸው። ጻፉ።

«የእሳቸውስ አባት?»

ጻፉ።

«እናትሽስ የማን ልጅ ናት? አገሯ የት ነው? አንቺስ መቼ ተወለድሽ?»

ሁሉንም ጻፉ፤ በእርሳስ፣ አንድ በአንድ፣ ጠያይቀው። ፍኖተ ሰላም ላይ መኪናው ለቁርስ ሲቆም ትሕትና ዞር ብላ ደመላሽ ጋ ደወለች።

«የእናት ስም፣ የአያት ስም፣ የትውልድ ቀን» አለ ደመላሽ እየቆጠረ። «ትሕትና፣ የይለፍ ቃል የጠፋበትን ሰው እኛ የምንጠይቀው ይህንኑ አይደለም? ካርድሽንስ ስትጽፊ አይተዋል?»

«ጣቴን ሲያዩኝ ነበር።»

ደመላሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በስምሽ ገብተው የደንበኛ ሒሳብ ቢነኩ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ሥራሽ እዚያው ላይ አበቃ። ካርድሽን አሁኑኑ አዘጊ፤ ከሴትዮዋም ዓይንሽን አትንቀይ።»

አዘጋች። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የወሰዳት መስላ ዓይኗን በከፊል ጨፍና ትጠብቃቸው ጀመር። ሌሊቱን ስላልተኛች ግን እውነትም እንቅልፍ ወሰዳት። ባሕር ዳር ስትነቃ ወይዘሮ ማሬ ስልካቸውን ቶሎ ወደ ቦርሳቸው ከተቱ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ወይዘሮ ማሬ አስተናጋጇ ሳትመጣ ቀበቶአቸውን ራሳቸው አሰሩ።

«አዲስ አበባ ማን ዘንድ ታርፊያለሽ?»

«ሆቴል።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ይህንንም ጻፉ። ትሕትና አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ድረስ የታናናሾቿን የትምህርት ቤት ክፍያ እያሰበች መጣች። እኒህ ሴትዮ እናቷን ይመስላሉ፤ ዳቧቸውን ግማሹን ቆርሰው አጉርሰዋታል። ደግሞስ ተሳስታ ቢሆንስ? ያፈረችውም የፈራችውም እኩል ነው።

አዲስ አበባ ሲደርሱ መውጫው ላይ መነጽር ያደረገ ረጅም ሰው ወይዘሮ ማሬን አቀፋቸው። ሴትዮዋ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ደብተሩንና ስልኩን አውጥተው እጁ ላይ አኖሩለት። ትሕትና ከጀርባው አለፍ ስትል ስልኩ ላይ ያለውን ምስል አየችው። ራሷ ናት። ሚኒባሱ ውስጥ ተኝታ።

ከዚህ በላይ አልጠበቀችም። በሩ ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠራችው፤ ነገሩን ከመስኮቱ ሰልፍ ጀምራ ነገረችው።

ፖሊሱ ሳይቸኩል ተራመደ። «እናቴ፣ ደብተሩን ያሳዩኝ።»

ወይዘሮ ማሬ ሰውየውን አዩት። ሰውየው ደብተሩን ሰጠ። ፖሊሱ ገለጠ። የትሕትና ስም እስከ ቅድመ አያቷ ተጽፏል፤ ከእሱ በፊት ባሉት ገጾች ላይ ደግሞ የሌሎች ሦስት ሴቶች ስም እንዲሁ ከነትውልድ ሐረጋቸው ሰፍሮ፣ ሦስቱም በእርሳስ ተሰርዘዋል።

«እነዚህስ ምን ሆኑ?» አለ ፖሊሱ። አሁን ድምፁ ተለውጧል።

ወይዘሮ ማሬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ።

ረጅሙ ሰው መነጽሩን አወለቀ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀልቷል።

«እማዬ» አለ፣ «ሚስት ፍለጋው በሦስተኛዋ ይብቃ አልተባባልንም?»