ቀላሏ ታንኳ

የደንገል ታንኳ ውኃ ትጠጣለች። ቀኑን ሐይቅ ላይ ከዋለች፣ ግድግዳ አስደግፎ ለማድረቅ ሁለት ሰው ይታገላታል።

«ዛሬም ዓሣ የለም። ስቀዝፍ ዋልኩ» አለ የእንጉዳይ ባል።

እሷ ግን ታንኳዋን ብቻዋን ብድግ አድርጋ አቆመቻት።

«ሳምንቱን ሙሉ ታንኳዋ እንደ ላባ ቀልላ ነው የምትመጣው። የማን ደጅ ላይ ስትደርቅ ነው የምትውለው?»

«ደንገሉ አዲስ ነዋ፣ እንጉዳይ።»

«ለታንኳ ሠሪ ልጅ ስለ ደንገል ልታስተምር! ማናት? ከእኔ በምን ትበልጣለች?»

«በእመብርሃን፣ ሴት የለችም!»

«እመብርሃንን እንኳ ተዋት!»

የላላ ማሰሪያ እንዳለ ለማየት እንደ ልማዷ ታንኳዋን ስትዳብስ፣ ጣቷ ከደንገሉ መሀል የተወሸቀ ጨርቅ ነካ። የሴት ሻሽ! መዝዛ አወጣችው።

«ተይው» አለ ባሏ ቀስ ብሎ።

ዘረጋችው። በእሱ ራስ ልክ የተሰፋ፣ ገና ያልተደፋ የመነኩሴ ቆብ ነበር።

«ሴት የለችም አላልኩሽም?» አለ፣ ሴት ረግጣው ወደማታውቀው የገዳም ደሴት እያየ።